የንጹህ ውሃ ዕዳ

አባቴ ቶርግሪሙር በውሃው ይመካል፤
እንግዳ ሲመጣ ከቧንቧው ይቀዳል፤
ብርጭቆውን አንስቶ በመብራት ያያል።
«ቅመሺው» ይለኛል፣ ስንቴ እንደቀመስሁት እያወቀ፣
«ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር ሲጣራ ዘመን የዘለቀ።
ምንም የለበትም!»
ምንም የለበትም።
ያ ነበር ኩራቱ። ያው ሆነ መዘዙም።

ክቬራጌርዲ ላይ፣ ታኅሣሥ ሲገባ፣
ፀሐይ ለአራት ሰዓት ብቅ ብላ ስትገባ፣
ከምድር ሆድ የወጣ እንፋሎት ቤቱን ያሞቃል፤
ከመስታወቱ ጣራ ሥር መብራቱ ሌት ተቀን ይነድዳል።
ቲማቲሙ አፈር አያውቅ። ሥሩ ከድንጋይ ጥጥ ውስጥ፣
በቀጭን ቱቦ የሚንጠባጠብ ምሳውን ሲጠብቅ፣ ሲቋምጥ።

በዚያ ዓመት ፍሬው ከላይ ሲያዩት ቀልቷል፤
ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ቂጡ ጠቁሯል፤
ሲጋራ እንደተረኮሱበት ሰርጉዶ፣ ደርቆ፣ ቆዳ መስሏል።
አሮጌው ቅጠልም ጅማቱ አረንጓዴ፣ መሀሉ ቢጫ፦
አገሩ ጠፍቶበት መንገዱ ብቻ የቀረበት ካርታ።
ሰባት ሣጥን ጣልን። ሰባት፣ ከዚያም ዘጠኝ።
«ብርዱ ነው» አለ አባቴ። «በሽታ ነው» አልሁኝ።

ስንዮሎይግ መጣች፣ ባለሙያዋ፣ ከሴልፎስ፤
መለኪያዋን ከብርጭቆው ነከረች፤ ቁጥሩ ከዜሮ ፈቀቅ ሲል፣ ሲመለስ።
«ቶርግሪሙር» አለችው፣ «ውሃህ ንጹህ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።
ካልሲየም የለውም፣ ማግኒዚየም የለውም። ተክልህ የሚጠጣው
ባዶ ጽዋ ነው።»

አባቴ መልስ አልሰጠም።
ብርጭቆውን ጨለጠ፤
ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ አልዘጋም።

ከዚያ እኔ ተማርሁ። ሁለት በርሜል አለ፣ «ሀ» እና «ለ» ተብለው
በአባቴ እጅ፣ በወፍራም ብሩሽ የተጻፈባቸው።
ካልሲየም ናይትሬቱ ብቻውን ከ«ሀ» ይገባል፤
ማግኒዚየም ሰልፌቱ ከ«ለ»፣ ከፎስፌቱ ጋር ይሟሟል።
ሳይቀጥኑ ከተገናኙ ጠብ ነው፤
በብዙ ውሃ ከቀጠኑ ግን፣ በአንድ ቱቦ ሲሄዱ አማኞች ናቸው።

እኔ ቸኮልሁ። አንድ ሌሊት፣ እንቅልፍ ዐይኔን ሲስበኝ፣
የ«ለ»ን ባልዲ ከ«ሀ» በርሜል ደፋሁና ቆምሁኝ።
ውሃው እንደ እርጎ ነጣ፤
ኖራ ሆኖ ዘቀጠ፤ ቱቦው ታፈነ፣ ጠብታ እንኳ አልወጣ።
በመርፌ ስከፍት አደርሁ፣ አራት መቶ ቀዳዳ፣ አንድ በአንድ።
አባቴም መጣ። መርፌ ያዘ። አልተናገረም፤
አየሁት ከማዶው መደዳ፣ በጉልበቱ ሲሄድ።

እናቴ ከተለየችን ወዲህ እንዲህ ነን።
አክስቴ ትስቅብናለች፦ «ሳትቀጥኑ ነው የተገናኛችሁት» ትለናለች ሁለታችንን።

አንድ ነገር አለ፣ ስንዮሎይግ የነገረችኝ፣ ከልቤ የማይወጣ፦
ማግኒዚየም ተጓዥ ነው። እጥረት ሲመጣ
አሮጌው ቅጠል ከራሱ ጎድሎ ለቡቃያው ይሰጣል፤
እሱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።
ካልሲየም ግን አንዴ ከተቀመጠ ከግድግዳው አይነቀልም፤
ያለበትን ያጸናል፣ ለጎደለው አይደርስም።
የትኛው አባቴ እንደሆነ
ገና አልወሰንሁም።

በየካቲት በረዶው ላይ አዳለጠው፤ ዳሌው ተሰነጠቀ።
ሐኪሟ ነጭ እንክብል አዘዘችለት። ስሙን ከብልቃጡ አነበበና ሳቀ።
ሳቁን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነበር!
«እኔንም!» አለ፣ «እኔንም በዚህ ውሃ ብቻ አሳድገውኝ ነበር።»

አሁን በምርኩዝ ይመጣል፤ በየመደዳው ይቆማል፤
ፍሬውን ገልበጥ አድርጎ ቂጡን ያያል።
«ለሊትር ስንት አደረግሽ?» ይለኛል፤ ስነግረው «በዛ» ይላል።
ማግስቱን ደግሞ «አነሰ» ይላል።

እንግዳ ሲመጣ ግን ያው ነው፦ ከቧንቧው ይቀዳል፤
ብርጭቆውን በመብራት ያያል፤
«ምንም የለበትም» ይልና
ነጩን እንክብል በዚያው ይውጣል።